ሐጂ አብዱላህ ከሲንድ እስከ ሐረር፦ አንድን ገጸ ባሕርይ በብዙ ጨዋታ ስለ መጫወት ተረትና እውነታ

ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር አማካይነት አንድ ልብ ወለድ ዓለም በኅብረት ፈጥረው፣ እያንዳንዱም ከራሱ ሌላ የሆነ ሰው መስሎ እየተናገረና እየሠራ የሚያካሂዱት ጨዋታ በዘመናችን እጅግ ተስፋፍቷል። በዲስኮርድ ሰርቨርም ይሁን በቴሌግራም ግሩፕ፣ የጨዋታው ጠባይ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፣ ስም ያወጣለታል፣ ትውልድና ምግባር ይሰጠዋል፣ ከዚያም የጨዋታው መሪ በሚጠብቀው ሥርዓት ውስጥ ከሌሎች ገጸ ባሕርያት ጋር ያኖረዋል። ከዚህ የሚነሣው ክርክር ይህ ነው፦ ተጫዋቹ የወደደውንና የለመደውን ገጸ ባሕርይ በአንድ ስም በሁለት ወይም በሦስት ጨዋታ ቢያስገባው ነውር ነውን? ወይስ የፈጠረው ሰው እንደ ወደደ ሊያደርግበት የሚገባ የግል ርስቱ ነው?

የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች በእርግጠኝነት የሚናገሩት ብዙ ነገር አለ፤ ከሚናገሩት ግን አብዛኛው ሲመረመር አይጸናም። ለምርመራው የሚሆን ምሳሌ ደግሞ በሐኪም ጋራ ግርጌ ከተቀመጠችው ከሐረር ይገኛል፤ ይህች ከተማ ኮምፒዩተር በሰው አሳብ እንኳ ሳይኖር፣ አንድን የፈጠራ ሰው በብዙ አገር ይዞ የዞረ ሰው ከበሯ ሲደርስ አይታለችና። ሰውየው በ1821 የተወለደው እንግሊዛዊው መኰንን ሪቻርድ በርተን ነው፤ የፈጠረውም ገጸ ባሕርይ አብዱላህ ይባላል። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የበርተን ጨዋታ የሕይወት አደጋ ያለበት፣ የቀሩትም ሰዎች ጨዋታ መሆኑን የማያውቁት ነበርና፣ ከዛሬው ጨዋታ ጋር በሁሉ ነገር አይመሳሰልም፤ ሆኖም የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ቦታ ስለ ሥርዓቱ የሚያስተምረን አለው።

አንደኛ ተረት፦ «አንድን ገጸ ባሕርይ በሁለት ጨዋታ ማስገባት ማታለል ነው፤ ማታለል ባይሆን እንኳ የአሳብ ድህነት ነው።»

እውነታው፦ ልማዱ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የገበታ ጨዋታ ባሳተሙ ጊዜ፣ የገጸ ባሕርዩ ኀይልና ንብረት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ ስለ ነበር፣ ተጫዋቾች ያንን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው መሄድ ወዲያው ጀመሩ። ልማዱም ክርክር ስላበዛ፣ በ1980 የተቋቋመው የተጫዋቾች ማኅበር በ1987 ሊቪንግ ሲቲ የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ በዚህም አንዱ ገጸ ባሕርይ በብዙ ከተማ፣ በብዙ መሪ ሥር፣ ነገር ግን በአንድ የጋራ ሕግ ይጫወት ዘንድ ተፈቀደለት። በ2014 የተጀመረው አድቬንቸረርስ ሊግም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ፣ ገጸ ባሕርዩ በየገበታው ያገኘውና ያጠፋው በመዝገብ እንዲሠፍር አድርጓል። እንግዲህ የሚጠየቀው ገጸ ባሕርዩ ስንት ቦታ ይጫወታል የሚለው ሳይሆን፣ በግልጽና በሥርዓት ይጫወታል ወይስ በስውር የሚለው ነው።

የአሳብ ድህነት ነው መባሉም አይጸናም። በርተን በ1840ዎቹ ዓመታት በሲንድ አገር የእንግሊዝ ጦር መኰንን ሳለ፣ ሚርዛ አብዱላህ የሚባል ከቡሽህር የመጣ ጨርቅ ሻጭ ሆኖ በየገበያው ይዞር ነበር። በ1853 ይኸው አብዱላህ ከግብፅ ተነሥቶ ወደ መካ ሄደ፤ በ1854 መጨረሻም ሐጂ አብዱላህ ተብሎ በዘይላ ተቀመጠ። ሰውየው ሌላ ስምና ሌላ ታሪክ መፍጠር ተስኖት አይደለም፤ ይልቁንም ለዓመታት የኖሩበት ገጸ ባሕርይ አነጋገሩ፣ አቀማመጡ፣ ሰላምታውና ቍጣው ሳይታሰብ የሚመጣ ስለሚሆን፣ ትናንት ከተፈጠረው ይልቅ ሕያው እንደሚሆን ዐውቆ ነው። ዛሬም አንዱን ገጸ ባሕርይ ደጋግሞ የሚጫወት ሰው ጥልቀትን ይፈልግ ይሆናል እንጂ በስንፍና አይፈረድበትም። በበርተን ሥራ የሚነቀፈው፣ በሲንድም በመካም አብረውት የነበሩት ሰዎች ሳይፈቅዱ በጨዋታው ውስጥ መግባታቸው ነው። ዛሬ በግሩፕ ውስጥ የሚጫወት ሰው ግን ባልንጀሮቹ ሁሉ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ስለሚያውቁለት፣ «ይህን ሰው በሌላ ጨዋታም እጫወተዋለሁ» ብሎ ቢነግራቸው ማታለል የሚባል ነገር አይቀርም።

ሁለተኛ ተረት፦ «በርተን ሐረር የገባው በሐጂ አብዱላህ ስም ተሰውሮ ነው፤ እንግዲህ ጥሩ ገጸ ባሕርይ የማያስከፍተው በር የለም።»

እውነታው፦ በርተን ሐረር የገባው ጭምብሉን አውልቆ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1854 ከኤደን ተነሥቶ፣ በወሩ መጨረሻ ዘይላ ደረሰ፤ በዚያም ሙስሊም ነጋዴ መስሎ አንድ ወር ያህል ከተቀመጠ በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ ወደ ደጋው ጕዞ ጀመረ። ከሐረር አቅራቢያ በደረሰ ጊዜ ግን አሳቡን ለወጠ። ራሱ በ1856 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ያስለወጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በዚያ አገር ያሉ ሰዎች በአደጋ ጊዜ ትውልዱን የሚሸሽግን ሰው እንደ ፈሪ ስለሚቈጥሩት ነው፤ ሁለተኛውም፣ የፊቱ ንጣት ቱርክ አስመስሎት ስለ ነበረና ቱርክ ደግሞ በዚያ ወራት ከአውሮፓዊው ይልቅ የሚጠላና የሚጠረጠር ስለ ነበረ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ልብ ማለት ይገባል። በመካ መንገድ የጠበቀው ገጸ ባሕርይ፣ በሐረር በር ላይ የሚያስገድለው ሆኖ ተገኘ፤ አብዱላህ ሳይለወጥ ተመልካቾቹ ተለውጠዋልና። በአንዱ ጨዋታ የተወደደ ሰው በሌላው ምን ተብሎ እንደሚታይ የሚወስነው ፈጣሪው ሳይሆን የዚያ ጨዋታ ዓለም ነው፤ በጀብዱ ጨዋታ የሚያስቀው ቀልደኛ ሌባ፣ የሐዘን ታሪክ በሚተረክበት ጨዋታ ገብቶ ያንኑ ቀልድ ቢቀጥል የሌሎቹን ድካም ሁሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ወደ አዲስ ጨዋታ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ገጸ ባሕርዬ ማን ነው?» ብሎ ሳይሆን፣ «እዚህ ማን ይመስላቸዋል?» ብሎ ነው።

በርተን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ ጥር 3 ቀን 1855 ወደ ከተማዪቱ ገባ፤ በአሚር አሕመድ ኢብን አቡ በከር ፊት ቀረበ፤ በአሚሩ እንግድነት ዐሥር ቀን ተቀመጠ፤ ጥር 13 ቀንም በሰላም ወጣ። ይሁን እንጂ ሥራው ፍጹም ንጹሕ ነበር ማለት አይቻልም፤ በኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም የተላከ ነው ብሎ ለአሚሩ ያቀረበውን ደብዳቤ የጻፈው ራሱ በርተን ነበርና። የነጋዴውን ጭምብል ቢያወልቅ፣ ማንም ያልሾመውን የመልእክተኛ ማዕርግ ለበሰ። በጨዋታም እንደዚሁ «በእገሌ ግሩፕ አድሚኑ ፈቅዶልኛል» እያሉ ያልተሰጠን ፈቃድ በመጥቀስ የሚገቡ አሉ፤ ይህ በግልጽ ከመሰወር የሚሻል ቢመስልም፣ አድሚኖቹ የተነጋገሩ ዕለት የሚያሳፍር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላም ተረት አለ። በዚያ ዘመን፣ ክርስቲያን በሐረር በር የገባ ዕለት ከተማዪቱ ትወድቃለች የሚል ትንቢት ይነገር እንደ ነበረ በርተን ጽፎአል። እርሱ ከወጣ በኋላ ከተማዪቱ ነፃነቷን ጠብቃ ሃያ ዓመት ቈየች፤ በ1875 በኀይል የያዛት የግብፅ ጦር አዛዥ ራውፍ ፓሻም ሙስሊም ነበረ፤ የዐፄ ምኒልክ ጦር በጨለንቆ ድል አድርጎ የገባውም ከዚያ በኋላ በጥር 1887 ነው። ከውጭ የመጣ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ጨዋታ ያፈርሳል ብለው በራቸውን የሚዘጉ የጨዋታ መሪዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ጨዋታን የሚያፈርሰው በኀይል የሚገባ ነው እንጂ፣ ማንነቱን ተናግሮ የገባ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛ ተረት፦ «ገጸ ባሕርዩ የኔ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ጨዋታ ያገኘው ማዕርግና ሀብት በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል።»

እውነታው፦ ገጸ ባሕርዩ የፈጣሪው መሆኑ እውነት ነው፤ ማዕርጉ ግን ማዕርጉን የሰጠው ጨዋታ ንብረት ነው። በሐረር የግንብ ቅጥር፣ በጁገል፣ ውስጥ የሐረሪን ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋርን፣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በዚያ ቤት እንግዳ የሚቀበሉበት አዳራሽ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ አሚር ነደባ የክብር ቦታ ነው፤ የቀሩትም እንደ ዕድሜና እንደ ማዕርግ የሚቀመጡባቸው ናቸው። በራሱ ቤት አሚር ነደባ ላይ የሚቀመጥ አባወራ፣ ወደ ጎረቤቱ በሄደ ጊዜ ባለቤቱ ባመለከተው መደብ ይቀመጣል እንጂ፣ «እኔ በቤቴ ከላይ ነኝ» ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ንጉሥ የነበረ ገጸ ባሕርይም በአዲስ ጨዋታ ሲገባ፣ የጨዋታው መሪ ወታደር ሆኖ እንዲጀምር ቢያዝዘው ክብሩ አልተነካም፤ በዚያ ቤት ገና አልነገሠምና።

ይህን ሥርዓት ታላላቆቹ የንግድ ጨዋታዎች እንኳ በሕግ አጽንተውታል። በ2004 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው በክፍያ እንዲያዛውር ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ይዞት የሚሻገረውን ወርቅ እንደ ገጸ ባሕርዩ ደረጃ ይወስንበታል፤ ምክንያቱም ከሌላ ዓለም የመጣ ብዙ ወርቅ የተቀባዩን ዓለም ገበያ ያናጋልና። በትንንሽ ግሩፖች ይህን የሚቈጣጠር ማሽን ስለሌለ፣ ቍጥጥሩ በጨዋነት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሦስት ነገር ለመሪው አስቀድሞ ይገልጣል፦ ገጸ ባሕርዩ ሌላ ቦታ እንደሚጫወት፣ ምን ኀይልና ንብረት እንዳለው፣ ከዚህም የትኛውን ለመተው ፈቃደኛ እንደ ሆነ። መሪው እምቢ ቢል ደግሞ ጨዋታው የእርሱ ነውና መከራከር አይገባም፤ ሌላ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ወይም ሌላ ጨዋታ መፈለግ ይቻላል።

አራተኛ ተረት፦ «በየጨዋታው የሚለዋወጥ ከሆነ አንድ ገጸ ባሕርይ ሊባል አይችልም።»

እውነታው፦ በርተን ወደ መካ ሲነሣ አብዱላህን ፋርሳዊ አድርጎት ነበር። ግብፅ ከደረሰ በኋላ ግን ፋርሳዊነት በሐጅ መንገድ ለጠብና ለጥርጣሬ እንደሚያጋልጠው አንድ እዚያ የተዋወቀው ነጋዴ ስለ መከረው፣ አብዱላህን ከአፍጋን ወላጆች በሕንድ የተወለደ ሐኪምና ደርቪሽ አደረገው። ትውልዱ ተለወጠ፤ ሙያው ተለወጠ፤ ስሙና ጠባዩ ግን ጸኑ፤ አንባቢውም በሲንድና በመካ ያለው አብዱላህ አንድ ሰው መሆኑን ሳይጠራጠር ይከተለዋል።

በአገራችንም ትውፊት አንድ ሰው በልዩ ልዩ ቦታ በልዩ ልዩ ስም መታወቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1887 ጀምሮ ሐረርን የገዙት ራስ መኰንን በጦር ሜዳ አባ ቃኘው ነበሩ፤ በ1892 ከሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ልጃቸው ተፈሪም በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል፣ በ1930 ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ በስመ መንግሥታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለዋል። የቤት ስም፣ የጦር ስምና የዙፋን ስም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማንም ሦስት ሰው ናቸው አላለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ገጸ ባሕርይን አንድ የሚያደርገው ውስጣዊ ጠባዩ መሆኑን ነው፤ የሚፈራው፣ የሚወደው፣ ሲቈጣ የሚናገርበት መንገድ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ወይም የሚያፈርስ መሆኑ። ዕድሜው፣ አገሩ፣ ሥራውና ኀይሉ ግን እንደ ጨዋታው ዓለም ሊለወጡ ይችላሉ፤ ሊለወጡም ይገባል። የጠፈር መርከብ በሚበርበት ጨዋታ ውስጥ ጋሻና ጦር ይዞ ካልገባሁ የሚል ተጫዋች ለገጸ ባሕርዩ የታመነ ይመስለዋል፤ የታመነው ግን ለልብሱ ብቻ ነው። በአንዱ ጨዋታ የሞተ ገጸ ባሕርይም በሌላው በሕይወት ቢኖር ውሸት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ለራሱ የታሪክ መዝገብ አለውና፣ የአንዱ መዝገብ ሌላውን አያስገድደውም።

አምስተኛ ተረት፦ «ገጸ ባሕርዬ አንድ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ጨዋታ ያወቀውን በሁሉም ያውቃል፤ ያፈቀራትም በሁሉም ሚስቱ ናት።»

እውነታው፦ ይህ ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ነው። በኅብረት ጨዋታ የሚፈጠር ታሪክ የብዙ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ ወዳጁም፣ ጠላቱም፣ ሚስቱም በሌላ ተጫዋች አእምሮ የተወለዱ ናቸው። ተጫዋቹ ወደ ሁለተኛ ጨዋታ ሲሄድ የራሱን ሰው ይዞ መሄድ ይችላል፤ የባልንጀራውን ሰው ግን በስምም ቢሆን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ አይችልም። «የእገሊት ባል ነኝ» ብሎ በማታውቀው ግሩፕ ሲናገር፣ የዚያች ገጸ ባሕርይ ባለቤት ያልጻፈችውን ሕይወት እየጻፈባት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው አነጋገር በዚህ ላይ በትክክል ይውላል። በፈቃዷ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን «አንዲት ሴት አፍቅሮ ነበር» ብሎ ስም ሳይጠሩ ማለፍ የገጸ ባሕርዩን ሐዘን ምንም አይቀንስበትም።

የዕውቀትም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ግሩፕ በኅቡእ የታቀደውን ሤራ፣ ወይም ሌላው ተጫዋች ለኋላ ያስቀመጠውን ምስጢር፣ በሌላው ግሩፕ ገሃድ ማውጣት ጨዋታውን መስረቅ ነው፤ ሁለቱ ግሩፖች የጋራ ተጫዋቾች ሲኖሯቸው ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። በርተን በሐረር ዐሥር ቀን ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ፣ የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር ሳይቀር፣ ወደ አገሩ ይዞ ሄዶ በ1856 አሳተመ። ሊቃውንት በዚህ ሥራ መጠቀማቸው አይካድም፤ ነገር ግን እንግዳቸውን አብልተው ያሳደሩት ሰዎች የተናገሩት ለኅትመት እንደሚውል ማን ነገራቸው? ለሳይንስ ሲባል የሚታለፍ ነገር፣ ለመዝናኛ በሚደረግ ጨዋታ ውስጥ ሊታለፍ አይገባውም።

ስድስተኛ ተረት፦ «ያደረገው ገጸ ባሕርዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በአንዱ ቤት የሆነውም በሌላው አይከተለኝም።»

እውነታው፦ ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 መድ የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከፈጠሩ ወዲህ፣ ይህ ምክንያት ሲሰጥ ኖሯል። ከባዱ ፈተና የመጣው ግን በ1993 ነው። ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ባቋቋመው ላምዳ ሙ በተባለው የጽሑፍ ዓለም ውስጥ፣ ሚስተር ባንግል የተባለ ገጸ ባሕርይ፣ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት በተንኰል ፕሮግራም እየገዛ፣ በብዙ ሰው ፊት አስነዋሪ ነገር የሚፈጽሙ አስመሰላቸው። የተጠቁት ተጫዋቾች የደረሰባቸው ሐዘንና ቍጣ ልብ ወለድ አልነበረም። ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ከተከራከረ በኋላ ገጸ ባሕርዩ ተሰረዘ፤ ከርቲስም ወደ ፊት አባላቱ በድምፅ የሚወስኑበትን ሥርዓት ዘረጋ። ጋዜጠኛው ጁሊያን ዲበል በዚያው ዓመት በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ እንደ ጻፈው፣ ያው ተጫዋች ዶክተር ጄስት በሚል ሌላ ስም ተመለሰ፤ የላምዳ ሙ ሰዎች ግን በአዲሱ ስም ሥር የቀድሞውን ሰው ለማወቅ ብዙ አልቈዩም።

ስምን መለወጥ እንኳ ሰውን ካልሸሸገ፣ በአንድ ስም በየግሩፑ የሚዞር ተጫዋች ይልቁን ዝናው ይቀድመዋል። ይህ ለክፋት ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ጨዋታ ታጋሽና ለሌሎች ዕድል የሚሰጥ መሆኑ የታወቀ ተጫዋች፣ ገጸ ባሕርዩ በሌላው ቤት ገና ስሙ ሲጠራ በደስታ ይቀበሉታል። ክፉ ሰው መስሎ መጫወትም አይከለከልም፤ የሚከለከለው የገጸ ባሕርይን ክፋት ሽፋን አድርጎ በእውነተኛ ሰው ላይ ክፉ መሥራት ነው።

ሰባተኛ ተረት፦ «ሲሰለቸኝ ዝም ብዬ እወጣለሁ፤ የተተወ ገጸ ባሕርይም የማንም ነው።»

እውነታው፦ ሐረር የገባ እንግዳ ለመውጣት የአሚሩን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር፤ በርተንም ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ በጭንቀት እንደ ቈየ ጽፎአል። የዛሬ ተጫዋች እንዲህ አይታሰርም፤ መውጣት መብቱ ነው። ነገር ግን በሦስት ጨዋታ የሚጫወት ሰው ጊዜው ሲያጥርበት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ሳይሰናበት ይተዋል፤ የእርሱን መልስ የሚጠብቁት ሰዎችም ታሪካቸው በመካከል ተሰቅሎ ይቀራል። የሚገባው፣ አስቀድሞ ለመሪው መንገርና ገጸ ባሕርዩን በታሪክ ውስጥ በአግባብ ማሰናበት ነው፤ መንገድ ሄደ፣ ታመመ፣ ተሾሞ ራቀ ማለት ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው።

የተተወ ገጸ ባሕርይ የማንም ነው ስለሚባለው ደግሞ ሐረር ሌላ ምስክር አላት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በታኅሣሥ 1880 ሐረር በደረሰ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የመጣውም በኤደን ላለ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ብዙ ሰው ግን ቅኔዎቹን በሐረር እንደ ጻፈ ያስባል። ይህ ተረት ነው፤ ቅኔ መጻፉን ሐረርን ከማየቱ ከዓመታት በፊት ትቶታልና። ባለቅኔውን በአውሮፓ አስቀምጦ የመጣው ነጋዴ፣ ያን የቀድሞ ሰውነቱን በሐረር መልሶ አልለበሰውም። በፓሪስ ግን ወዳጁ ባለቅኔው ቬርሌን በ1884 ስለ እርሱ ጽፎ አሳተመ፤ በ1886ም ኢሉሚናሲዮን የተባለው የራምቦ ሥራ ታተመ፤ ባለቤቱ በዚያ ወራት ለምኒልክ ጠመንጃ ለማድረስ በአፋር በረሃ መንገድ ሲደክም ነበር። በሐረር ራምቦ ቤት እየተባለ የሚጐበኘው ያማረ የእንጨት ሕንፃም ከእርሱ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ሰው የተወውን ገጸ ባሕርይ ሌሎች ሲያነሡለት፣ ቅኔም ሲያሳትሙለት፣ ቤትም ሲሰጡት እንዲህ ነው። ለሥነ ጽሑፍ የቬርሌን ሥራ በጎ ነበረ፤ በጨዋታ ግን ባልንጀራው የተወውን ገጸ ባሕርይ ለማስቀጠል የሚወድ ሰው ባለቤቱን መጠየቅ አለበት፤ ባለቤቱ ካልተገኘ፣ ያን ሰው በክብር ወደ ሩቅ አገር ልኮ አዲስ ሰው መፍጠር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ ነገሩ ወደ አንድ ይጠቀለላል። ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የሚሻገረው የገጸ ባሕርዩ ጠባይና ስም ነው፤ ማዕርጉ፣ ሀብቱ፣ ወዳጆቹና ምስጢሩ ግን ያፈራቸው ቤት ንብረት ናቸውና፣ ያለ ፈቃድ አይሻገሩም። በርተን ስሙን ይዞ ሲዞር ኖረ፤ ሐረር በር ላይ ሲደርስ ግን ያ ስም ለዚያ ቤት የማይሆን መሆኑን አስተውሎ ለማውለቅ በቃ፤ ከሠራውም ሁሉ የሚመሰገነው ይህ ማስተዋሉ ነው። በአንድ ስም በብዙ ቤት መጫወት አያስወቅስም፤ የሚያስወቅሰው ባለቤቱን ሳይጠይቁ መግባት፣ የሌላውን ገንዘብ ይዞ መውጣትና ሳይሰናበቱ መጥፋት ነው።